ፈቃዳችን ሳይጠየቅ ስለተጣለብን ሥራ፦ ለድርጅታችን ሥራ አመራር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ

ለድርጅቱ ሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት
ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በቤት ለቤት እንክብካቤ በጎ ፈቃደኞች ላይ በጥቅምት ወር የተላለፈው ውሳኔ እንዲታገድና አያያዛችን እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፤ የተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየምና ከዚያ አልፎ እስከ ለገጣፎ መዳረሻ ባሉት ሰፈሮች፣ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንንና የረጅም ጊዜ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄድን የምንንከባከብ በጎ ፈቃደኞች ነን። በመካከላችን ተማሪ አለ፣ ሥራ ፈላጊ አለ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፣ ቀን ሱቅ ጠብቆ ማታ የሚያገለግል አለ። ጉዳያችንን በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድነው በሐምሌና በመስከረም የጻፍናቸው ሁለት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ከተሰጣቸው በኋላ እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኙ ነው። መልስ ስንጠብቅ የደረሰን ሌላ ውሳኔ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በሳምንት ቢያንስ 12 ቤት እንዲጎበኝ፣ ለትራንስፖርት ይሰጥ የነበረው በወር 500 ብር እንዲቆም፣ ለእያንዳንዱ ጉብኝት ማስረጃ የሚሆን ፎቶግራፍ እንዲላክ፣ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ቁጥሩን ያላሟላ ደግሞ ከዝርዝር እንዲሰረዝ ያዛል። ከማስታወቂያው በፊት የተጠራ ስብሰባ አልነበረም፤ ከማስታወቂያው በኋላም የጠየቅናቸው ጥያቄዎች ታይተው ታልፈዋል።

ውሳኔው ከምን እንደመጣ እናውቃለን። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ለዚህ ሥራ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ፤ እኛን ያስተባብሩ የነበሩት ሁለት ነርሶችም ተሰናበቱ። ያ በእናንተ እጅ አልነበረምና በዚህ አንወቅሳችሁም። በእጃችሁ የነበረው፣ ገንዘቡ ሲጎድል ጉድለቱን ማን እንደሚሸከመው መወሰን ነው። ሁለት ደመወዝተኞች ሙሉ ቀን ይሠሩት የነበረው ሥራ ደመወዝ በሌላቸው 34 ሰዎች ላይ ሲከፋፈል፣ ከ34ቱ አንዱም «ትችላለህ ወይ? ትችያለሽ ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም።

«በጎ ፈቃድ» ሁለት ቃል ነው። ድርጅቱ በጎውን ከእኛ ሲቀበል ቆይቷል፤ ፈቃዱን ግን መጠየቅ ትቷል። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ቅሬታዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጡ ናቸው።

በነፃ ማገልገል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ደቦ የሚጠራ ገበሬ ቀን ቆርጦ ከቤት ቤት እየሄደ ይለምናል፤ የሚታጨደው የትኛው ማሳ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይጠብቃል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ሥራው ያበቃል። ደቦ የወጣ ሰው ገንዘብ አይቀበልም፤ ሆኖም በባዶ ሆዱ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳያውቅ ሲሠራ አይውልም። በወንፈልም ዛሬ የረዳ ነገ እንደሚረዳ ያውቃል። በየሰፈራችን ያሉት እድሮችም ድንኳን የሚተክለው ማን እንደሆነ፣ ወንበር የሚያመጣው የማን ተራ እንደሆነ የሚወስን የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። እኛ ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኘን አንድ ገጽ ወረቀት እንኳ የለንም። ያለን ባጅና ቲሸርት ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የ12 ቤት ቁጥሩ ነው። አንድ ጉብኝት በአግባቡ ሲሠራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከብሎክ ብሎክ፣ ከሰፈር ሰፈር የምንሄድበት ጊዜ ሲታከልበት 12 ቤት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለደመወዝተኛ ያስቀመጠው መደበኛ የሥራ ሰዓት ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ወይም ቀን ሱቅ የሚጠብቅ ሰው የደመወዝተኛን የሥራ ሳምንት ግማሽ ያህል ያለ ክፍያ እንዲሠራ፣ ካልሠራም እንዲሰረዝ ታዟል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያወጣው ሰው አንድ ቀን አብሮን ውሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይወስንም ነበር ብለን እናምናለን።

ስለዚህ አንድ ጉብኝት ምን እንደሚመስል ቦርዱ በቅርብ እንዲያውቀው እንፈልጋለን። በአንደኛው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ግማሽ አካላቸው በስትሮክ የማይታዘዝላቸው እናት ይኖራሉ። ልጃቸው ለሥራ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ተረኛዋ በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ታች ከተቀመጠው ሮቶ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃውን መውጣት ነው። ከዚያ ውሃውን ታሞቃለች። «እማማ፣ አሁን በጎን ላስተኛዎት ነው» ብላ ታስታውቃቸዋለች፤ ምክንያቱም ሳይነገራቸው ሲነኩ ይደነግጣሉ። ወገባቸው ሥር፣ ዳሌያቸውና ተረከዛቸው ላይ የአልጋ ቁስል መጀመር አለመጀመሩን ታያለች። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ በእጅ ጀርባ ዳሶ የሚሞቅና ጠጠር ያለ ቦታ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል፤ ይህን ያስተማረችን ከተሰናበቱት ነርሶች አንዷ ናት። ታጥባቸዋለች፣ ታደርቃቸዋለች፣ አንሶላውን ሽብሽብ እንዳይልባቸው ትወጥረዋለች፤ ሽሮውን በትንሽ ማንኪያ፣ አፋቸው በሚታዘዝላቸው ወገን፣ ቀና አድርጋ ታጎርሳቸዋለች። ልጅቷ ማታ በየሁለት ሰዓቱ እንድታገላብጣቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ታስተካክላለች። ከመውጣቷ በፊት ለነገ የሚሆን ሌላ ጀሪካን ታወጣለች። በሪፖርት ቅጹ ላይ ይህ ሁሉ የሚመዘገበው «1» ተብሎ ነው፤ ለጀሪካኑም፣ ለተረከዙም፣ ለማንኪያውም የሚሆን ቦታ ቅጹ የለውም።

የጥቅምቱ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሆነውን ሳንደብቅ እንናገራለን። ቁጥሩን ለማሟላት ሲሉ በር ላይ ቆመው ሰላም ብለው፣ ፎቶ አንስተው የተመለሱ ባልደረቦች አሉ። ሳይሄዱ ቅጽ የሞሉም አሉ። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ለሕሙማኑ ቤተሰቦችም ይቅርታ ጠይቀናል። ሆኖም በአንድ አባት ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ በአሥር በአሥር ደቂቃ ጉብኝት ከታለፈ በኋላ፣ ከወገባቸው በታች የጭራ አጥንታቸው ላይ ያለው ቆዳ ተከፍቶ ሥጋው ታይቶ ተገኘ፤ ሆስፒታል ገብተውም ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሪፖርቱ ላይ እኚህ አባት በሳምንት ሁለት ጊዜ «የተጎበኙ» ናቸው። ቁጥሩ በሙሉ ተሟልቷል። ለለጋሽ የሚቀርበው ሪፖርት ላይ የሚወጣው ቁጥር ይኸው ከሆነ፣ ቦርዱ ምን እየፈረመበት እንዳለ ቢያውቅ ለእሱም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሥልጠናና ክትትል ነው። ነርሶቹ በነበሩ ጊዜ አዲስ የገባ ሰው አምስት ቀን ሠልጥኖ፣ ለአንድ ወር ከነባር ጋር ተጣምሮ ነበር ብቻውን የሚሰማራው። በወር አንድ ጊዜም ተሰብስበን ያየነውን እናወራ ነበር። ለብዙዎቻችን ከሥልጠናው የበለጠ የጠቀመን ያ ስብሰባ ነው፤ ስንመግበው የነበረ ሰው ሲሞት የምናለቅሰው እዚያ ነበርና። በነሐሴ የተመለመሉት ስምንት ወጣቶች ግን የተሰጣቸው የግማሽ ቀን ገለጻ ነው፤ ከዚያ የአድራሻ ዝርዝር ተሰጥቷቸው ተሰማሩ።

ከእነዚህ አንዱ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ የሚያስሉ አንድ አባት ቤት ለሰባት ሳምንታት ተመላለሰ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። አባት የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መሆናቸውን የሚገልጸው የጤና ጣቢያ ወረቀት ድርጅቱ ቢሮ ውስጥ፣ ፋይላቸው ላይ ነበር። የሕመማቸው ስም ለሁላችን ይነገር አንልም፤ የሕመምተኛ ምስጢር የሕመምተኛው ነው። ነገር ግን ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ፣ «እዚህ ቤት ስትገባ ማስክ አድርግ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ከተቻለ ውጭ ደጃፍ ላይ አጫውታቸው» የሚል ምክር የበሽታውን ስም ሳይጠሩ መስጠት ይቻል ነበር። ልጁ ነገሩን የሰማው ከጎረቤት ነው። ተመርምሮ ነፃ ሆኗል፤ እናቱ ግን ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሥራ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። አንፈርድባቸውም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ነገር፣ በመስከረም የደረሰው ነው። ከባልደረቦቻችን አንዷ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ግንባታቸው ባላለቀ ሕንፃዎች መካከል አልፋ ከጉብኝት ስትመለስ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሻ ነከሳት። በዚያ ሰፈር ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ እንደሚውሉ ለቢሮው በሐምሌው ደብዳቤያችን ጽፈን ነበር፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን እዚያ እንዳይላክም ጠይቀን ነበር። ቁስሏን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያጠበችው ከቀድሞዋ ነርስ የተማረችውን አስታውሳ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ለክትባቱ ከየካ አባዶ መሐል ከተማ የተመላለሰችው በራሷ ገንዘብ ነው። ወጪው እንዲተካላት ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «የድርጅቱ መድን የሚሸፍነው ሠራተኞችን ነው፤ አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም» የሚል ነበር።

በሕጉ ፊት መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚጠብቀው የሥራ ውል ያለውን ሠራተኛ ነው። ቅር ያሰኘን ግን ይህ ነው፦ በጥቅምት 12 ቤት ካልጎበኛችሁ ትሰረዛላችሁ ተብለን እንደ ሠራተኛ ታዘዝን፤ በመስከረም ደግሞ ውሻ ሲነክሰን ሠራተኛ አይደላችሁም ተባልን። ሕጉ ያልሸፈነን መሆኑ ድርጅቱን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም፤ እንዲያውም በራሱ ውሳኔ እንዲሸፍነን ይገባ ነበር። ይህ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴ ውስጥ በጎ ፈቃደኝነት እ.ኤ.አ. በ1965 ቪየና ላይ ከታወጁት ሰባት መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ብሔራዊ ማኅበራት በጎ ፈቃደኞቻቸውን የሚያስገቡበት የአደጋ መድን አዘጋጅቷል። በፈቃዱ የመጣ ሰው ሲጎዳ በፈቃዱ እንደተጎዳ አይቆጠርም።

አራተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ የታክሲ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ነዳጅም ታሪፍም የት እንደደረሰ ለቦርዱ መንገር አያስፈልገንም። 500 ብሩ ድሮም ወሩን አያደርስም ነበር፤ ቢሆንም «ድካማችሁን አይተናል» የሚል ትርጉም ነበረው። ከመካከላችን አንዷ የጥቅምትን ወጪዋን በደብተሯ ጽፋ አሳየችን፦ ታክሲ 780 ብር፣ አንድ ፓኬት ጓንት 350፣ ሳሙና 90፣ ለመደወያና ለፎቶ መላኪያ የሞባይል ካርድ 120። ድምሩ 1,340 ብር ነው። ይህች ልጅ ሥራ የላትም፤ ገንዘቡን የሰጣት ወንድሟ ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ወር የእሷን አገልግሎት ብቻ ሳይሆን የወንድሟንም ኪስ ሲጠቀም እንደነበረ ያወቀው አይመስለንም።

ወጪያችን እንዲሸፈን ስንጠይቅ የሚነገረን ምክንያት «የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክለናል» የሚል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ጣሪያ ማስቀመጡ እውነት ነው። ነገር ግን አዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን፣ ድርጅቱ እንደ ድርጅት ለመቆም የሚያወጣውን ወጪ ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የመሳሰለው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲታጠብ የሚደረግ ጓንት የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ 70/30 በሚባለው ክፍፍል (70 በመቶ ለፕሮጀክት ሥራ፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር)፣ የፕሮጀክት ወጪ ጭምር እንደ አስተዳደር ወጪ እየተቆጠረባቸው የተቸገሩ ድርጅቶች ነበሩ፤ የዛሬው ሕግ ግን እንደዚያ እጅ የሚያስር አይደለም። የበጎ ፈቃደኝነት ባህል እንዲዳብር ማድረግ አዋጁ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሰጣቸው ዓላማዎች አንዱ እንደሆነም ማስታወስ እንወዳለን። የሒሳብ ክፍሉ አዋጁን እንደገና አንብቦ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ስለ ፎቶግራፉ አጭር ነገር እንላለን። አንድ አዛውንት አባት ደረታቸው ተገልጦ ሲታጠቡ የተነሱት ፎቶ፣ በጎ ፈቃደኛው ለማስረጃ ብሎ በግሩፑ ከላከ በኋላ በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጣ። ልጃቸው ደውሎ የተቆጣው በእኛ ላይ ነው፤ ትክክልም ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር እንደሆነ በሕግ ተደንግጓል። ሕግም ባይኖር፣ እኚህ ሰው በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ የማይወጡ ሰው ናቸው። ፎቶው እስከ ዛሬ አልተነሳም።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለሄዱት ባልደረቦቻችን ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ 34 ነበርን፤ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምንፈርመው 19 ነን። ከሄዱት 15 ሰዎች ውስጥ ለአንዱም ተደውሎ «ምን አስቀየመህ?» የተባለ የለም። አንዳንዶቹ ከቴሌግራም ግሩፑ መሰረዛቸውን ያወቁት በሌላ ሰው ስልክ ነው። ሦስት ዓመት ያገለገለ አንድ ባልደረባችን ለሥራ ሲወዳደር የአገልግሎት ማስረጃ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ የጥቅምትን ቁጥር ስላላሟላ እንደማይሰጠው ተነገረው፤ ባጁንም እንዲመልስ ታዘዘ። የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ወር ቁጥር አይፋቅም። እሱ ሲንከባከባቸው ቆይቶ ያረፉ አራት ሰዎች ቤተሰቦች ዛሬም በመንገድ ሲያገኙት አቅፈው ይስሙታል። ማስረጃው ለእሱ ሥራ ማግኛ ነው፤ ለድርጅቱ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፤

ለኅዳር 26 የዓለም በጎ ፈቃደኞች ቀን ቲሸርት ለብሰን እንድንገኝ ከቢሮው መልእክት ደርሶናል። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. በ1985 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተሰየመ ነው፤ መጪውን የፈረንጆች 2026 ዓመትም ያው ጉባኤ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ብሎታል። በዓሉን አንጠላም፤ እንመጣለን። ከበዓሉ በፊት ግን ቦርዱ እዚህ፣ የካ አባዶ፣ በእኛ ሰፈር መጥቶ እንዲያነጋግረን እንጠይቃለን። ዋናው ቢሮ ድረስ የምንመጣበት የትራንስፖርት ገንዘብ የለንም፤ ቦርዱም አራተኛ ፎቅ ያሉትን እናት ቢያያቸው ደስ ይለናል፤ እሳቸውም እንግዳ ይወዳሉ።

በዚያ ስብሰባ ላይ እንዲወሰንልን የምንጠይቀው የሚከተለው ነው።

የጥቅምቱ ማስታወቂያ ከእኛ ጋር ተመክሮበት ሌላ እስኪተካ ድረስ ይታገድ። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በሳምንት ስንት ሰዓት መስጠት እንደሚችል ራሱ ይናገር፤ ይህም የሥራው ዓይነት፣ የሚያገኘው ድጋፍና በምን ሁኔታ ሊያቆም እንደሚችል ተገልጾ በሁለቱም ወገን በሚፈረም አጭር ስምምነት ይጻፍ። ሰዓቱ ሲደመር ላሉት ሕሙማን የማይበቃ ከሆነ፣ አዲስ ሕመምተኛ መቀበል ለጊዜው ይቁም እንጂ ባለው ሰው ላይ አይጫን።

ለዚህ ቅርንጫፍ የነርስነት ዕውቀት ያለው አንድ ሰው፣ ሙሉ ቀን ባይቻል በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ፣ ይመደብልን። በሰፈራችን ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ፤ ሁለቱን አነጋግረናቸዋል፤ ፈቃደኞች ናቸው። ያለዚህ ሰው የአልጋ ቁስል ማየትም፣ አዲስ የሚገቡትን ማሠልጠንም፣ ወርሃዊ ስብሰባውን መመለስም አይቻልም። ከጥያቄዎቻችን አንዱን ብቻ መመለስ የምትችሉ ከሆነ ይህን መልሱልን።

ጓንት፣ ሳሙናና ማስክ ለጉብኝት ከመሰማራታችን በፊት በእጃችን ይግባ። ትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይከፈል። በአገልግሎት ላይ ለሚደርስ አደጋ መድን ይገባልን፤ በመስከረም ውሻ ለነከሳት ባልደረባችንም የሕክምናና የመመላለሻ ወጪዋ ይመለስላት፤ ደረሰኞቿ በእጃችን ናቸው። ጨለማ ሲሆን ማንም ብቻውን አይላክ።

የሕሙማን ፎቶ ለማስረጃ መላክ ይቅር፤ የተለጠፉትም ይነሱ። ቤተሰቡ የሚፈርምበት ትንሽ የጉብኝት ካርድ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀመጥ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። ላገለገሉ ሁሉ፣ የሄዱትንም ጨምሮ፣ ባገለገሉበት ዘመን ልክ የምስክር ወረቀት ይሰጥ። ስለ እኛ ሥራ በሚወሰንበት የዕቅድ ስብሰባ ላይም ከመካከላችን የምንመርጣቸው ሁለት ሰዎች ይገኙ።

መልሳችሁን በምንጠብቅበት ጊዜ ሕሙማኑን አንተዋቸውም። በእጃችን ያሉትን 41 ቤቶች ለአሥራ ዘጠኛችን ተከፋፍለን፣ እያንዳንዳችን በምንችለው ልክ፣ እየተጣመርን እንጎበኛለን። የ12 ቤት ቅጽ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንሞላም፤ ፎቶም አንልክም። የምንሠራውን በደብተር እንመዘግባለን፤ ደብተሩን ቦርዱ ሲመጣ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የየካ አባዶ ቅርንጫፍ የቤት ለቤት እንክብካቤ በጎ ፈቃደኞች ተወካይ
ከ19 ፈራሚ በጎ ፈቃደኞች ጋር

ግልባጭ፦
ለድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ አባላት
ለድርጅቱ ሒሳብ ክፍል
ለምናገለግላቸው ሕሙማን ቤተሰቦች